በሽታውን የማይናገር በሽተኛ፤ የውሻ ቁርጥማት አጭር ታሪክ

ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረን። በሰፈራችን ግማሹ ውሻ ቡቺ ስለሚባል ስሙ ብዙ አይነግራችሁም። የእኛው ቡቺ «ጀርመን ሸፐርድ ነው» ተብሎ የተገዛ፣ ካደገ በኋላ ግን ከጆሮው በስተቀር ለጀርመንነቱ የሚመሰክርለት የጠፋ የግቢ ጠባቂ ነበር። ዐሥር ዓመት ሲጠጋው ከበረንዳችን ሦስት ደረጃዎች ፊት እየቆመ ማሰብ ጀመረ። ደረጃውን ያያል፤ እኛን ያያል፤ ከዚያ የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ አንስቶ ይዘላል። ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ይንገዳገዳል፤ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሰውነቱ ሲሟሟቅ ደህና ይሆናል።

በቤታችን የተሰጠው ምርመራ አንድ ቃል ነበር፤ «አርጅቷል።» እናቴ አለች፤ ዘበኛችን አለ፤ እኔም አልኩ። «አሞታል» ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ለሰው ልክ ነው። ውሻ ግን በሽታውን የሚናገርበት አፍ የለውም እንጂ ጨርሶ ደብቆትም አያውቅም። በአነሳሱ፣ በአቀማመጡ፣ በደረጃ ፊት በሚቆማት በዚያች ቅጽበት ይናገረዋል። የሚጎድለው አድማጭ ነው። የውሻ ቁርጥማት ታሪክም በአብዛኛው የዚህ አድማጭ የመዘግየት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

ከካርቴጅ መቃብር

ታሪኩን ከዚሁ ከአህጉራችን እንጀምረው። በዛሬዋ ቱኒዚያ፣ በጥንታዊቷ ካርቴጅ፣ ያስሚና በሚባል የሮማውያን ዘመን የመቃብር ቦታ አርኪዮሎጂስቶች የአንድ ትንሽ ውሻ አፅም አግኝተዋል። ውሻው የኖረው በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የተቀበረው በአንድ ታዳጊ ልጅ እግር ሥር ሲሆን፣ ከትከሻው ጀርባ የመስታወት ሳህን ተቀምጦለታል። በ2006 የታተመ ጥናት አጥንቱን መርምሮ ያወጣው ዝርዝር ረጅም ነው፤ መገጣጠሚያዎቹን ቁርጥማት በልቷቸዋል፣ ዳሌው ከቦታው ወጥቷል፣ የጀርባ አጥንቱ ተጎድቷል፣ አብዛኞቹ ጥርሶቹ ረግፈዋል። እንዲህም ሆኖ ውሻው እስከ እርጅናው ኖሯል።

አስቡት እንግዲህ። ጥርስ የሌለው፣ በቅጡ መራመድ የማይችል ትንሽ ውሻ ቤት አይጠብቅም፤ አያድንም፤ በግ አይከተልም። በሕይወት የቆየው አንድ ሰው ምግቡን እያለሰለሰ ስለሰጠው፣ ምናልባትም ተሸክሞ ስላንቀሳቀሰው ነው። ያ ሰው የበሽታውን ስም አያውቅም። ራጅ አላየም፤ ስለ ልም አጥንት የሰማው ነገር የለም። ውሻውን ግን አይቶታል።

ይህ አፅም ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ የውሻ ቁርጥማት የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። ሁለተኛ፣ እንክብካቤ ከእውቀት ሊቀድም ይችላል። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ በኋላ በነበረው ረጅም ዘመን እውቀት ሲያድግ እንክብካቤው አብሮት ያልሄደባቸው ጊዜያት ብዙ መሆናቸው ነው።

ተራ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት እንስሳትን ከሰዓት ማሽን ጋር አመሳሰላቸው። ጥርስና ሞላ ካለው መሣሪያ ድምፅ ቢወጣ «አመመው» አይባልም። ሐሳቡን ሁሉም አልተቀበለውም፤ ጥላው ግን ሩቅ ሄዷል።

የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1761 በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ሲመሠረት፣ መሥራቹ ክሎድ ቡርዠላ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረ ሰው ነበር። የሚያስገርም አይደለም። ፈረስ ያኔ መኪናም፣ ትራክተርም፣ መድፍ ጎታችም ነው። ፈረስ ሲያነክስ ጦር ይቆማል፤ ንግድ ይቆማል። ስለዚህ የፈረስ እግር በጥንቃቄ ተጠና። ከብትም ቀንድና ወተት፣ ሥጋና ቆዳ ስላለው ተራ ደረሰው። ውሻ ግን ሲያነክስ የሚቆም ነገር የለም። ስለዚህ ተራው መጨረሻ ላይ ሆነ።

ይህን የምለው ፈረንጆቹን ለመንቀፍ አይደለም። የእኛም የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1979 ደብረ ዘይት ላይ ሲከፈት ቀዳሚ ሥራው በሬው፣ ላሟ፣ በጉና ግመሉ መሆን ነበረበት። ገበሬው በበሬው እየኖረ «መጀመሪያ የውሻ ዳሌ» የሚል ፖሊሲ አውጪ ቢመጣ እኔም እስቅበት ነበር። ነገር ግን ይህ ቅደም ተከተል አንድ ነገር ያሳየናል። የእንስሳን ሕመም ለማየት ብዙ ጊዜ ዓይናችንን የሚከፍትልን ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ኪሳራም ነው። የውሻም ጉዳይ የተከፈተው በዚሁ በር ነው።

ጀርመናዊው ውሻና የቦስተኑ ሐኪም

በ1895 ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የጀርመን የጦር መኮንን የጀርመን ሸፐርድ ማኅበርን መሠረተ። በመዝገቡ የሰፈረው የመጀመሪያው ውሻ ሆራንድ ይባላል። ሁለቱ ነገሮች ያኔ ምንም አያገናኛቸውም። በኋላ ግን ተገናኙ።

ስቴፋኒትዝ የሚፈልገው ሠራተኛ ውሻ ነበር። ተሳካለትም። ሸፐርድ የእረኛ ውሻነቱን ትቶ ፖሊስ፣ ወታደር፣ የዓይነ ስውራን መሪ ሆነ፤ አህጉር አቋርጦም ተስፋፋ። አንድ የውሻ ዝርያ የሚሠራው ግን ከጥቂት ወላጆች በመጀመር፣ ዘመድን ከዘመድ በማዳቀል ነው። መልካሙ ሲባዛ ያልታየው ጉድለትም አብሮ ይባዛል። ዘር መዝገብ ጆሮና ቀለም ይጻፍበታል እንጂ ዳሌ ውስጥ ያለው አጥንት አይታይበትም።

ያንን ጓዳ የከፈተው ራጅ ነው። በ1935 ጌሪ ሽኔል የተባለ የቦስተን የእንስሳት ሐኪም በውሾች ዳሌ ላይ ያየውን እንግዳ ነገር በአሜሪካ የውሻ አርቢዎች መጽሔት ላይ ጻፈ። የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ አልተቀመጠም፤ ከሶኬት ግማሽ በግማሽ እንደወጣ አምፖል ነው። ያኔ ብርቅ በሽታ መሰለ። በሚቀጥሉት ዐሥርት ዓመታት ራጁ በየክሊኒኩ ሲዳረስ ብርቅ አለመሆኑ ታወቀ። በሽታው ዛሬ የዳሌ ዲስፕላዥያ ይባላል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንየው። ጤነኛ መገጣጠሚያ ላይ የሁለቱን አጥንቶች ጫፍ ለስላሳ ልም አጥንት ይሸፍናቸዋል፤ በመካከላቸው የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ፤ ጅማቶች ዙሪያውን ይይዙታል። ዲስፕላዥያ ያለበት ቡችላ ሲወለድ ዳሌው ደህና ይመስላል። ሲያድግ ግን ጅማቱ ይላላል፤ ክቡ ራስ በየእርምጃው ይወዛወዛል፤ ልም አጥንቱ ይፋቃል፤ መገጣጠሚያው ይቆጣል። ሰውነት ደግሞ የላላውን ለማጥበቅ ብሎ በዙሪያው አዲስ አጥንት ያበቅላል። ያ ትርፍ አጥንት ሲበዛ እንቅስቃሴው ይታሰራል። ቁርጥማት ወይም አርትራይተስ የምንለው ይህንን ነው።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር አንድ ነው። የሰው ቁርጥማት ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። በውሻ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ሌላ ምክንያት አለ፤ በልጅነት የተበላሸ ዳሌ፣ በትክክል ያልገጠመ የክርን አጥንት፣ ወይም የተበጠሰ የጉልበት ጅማት። በ1952 የፊንላንዱ ሐኪም ሳኪ ፓትሳማ በዚሁ የጉልበት ጅማት ላይ ትልቅ የምርምር ሥራ አቅርቦ ነበር። እንግዲህ ውሻው በዐሥር ዓመቱ ሲያነክስ ያየነው በሽታ የተጀመረው ምናልባት ገና የአንድ ዓመት ቡችላ ሳለ ነው። «አርጅቷል» የሚለው ምርመራ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። እርጅና በሽታውን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

የባለጸጋው ላብራዶሮች

በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑ ሲታወቅ ጥያቄው ተለወጠ። «እንዴት እናክመው?» የሚለው ላይ «ለምን እናራባዋለን?» የሚለው ተጨመረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ስዊድን፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ብሪታንያና ጀርመን ለእርቢ የሚቀርቡ ውሾችን ዳሌ በራጅ መመርመር ጀመሩ።

በአሜሪካ ነገሩ የመጣው በአንድ ባለጸጋ በኩል ነው። ጆን ኦሊን የጥይትና የጠመንጃ ፋብሪካ ባለቤት ሲሆን፣ ትርፍ ጊዜውን ለወፍ አደን ላብራዶሮችን በማርባት ያሳልፍ ነበር። የውሻ ማርቢያውን የሰየመው የራሱን የቤተሰብ ስም ከኋላ ወደ ፊት በማንበብ «ኒሎ» ብሎ ነው። ኪንግ ባክ የተባለው ውሻው በ1952 እና በ1953 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። እንዲህ በጥንቃቄ ከተመረጡት ላብራዶሮቹ መካከል ዳሌያቸው የታመመ ሲገኝ ኦሊን ገንዘብም ሰውም አሰባስቦ በ1966 የእንስሳት አጥንት ሕክምና ፋውንዴሽንን አቋቋመ። የፋውንዴሽኑ ሥራ ቀላል ይመስላል። ውሻው ሁለት ዓመት ሲሞላው ራጅ ይነሳል፤ ስፔሻሊስቶች አይተው «እጅግ ጥሩ» ከሚለው እስከ «ከባድ ዲስፕላዥያ» ድረስ ደረጃ ይሰጡታል፤ አርቢው ያንን አይቶ ይወስናል።

በ1983 ደግሞ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ጌል ስሚዝ ሌላ መንገድ ማጥናት ጀመረ። ሁለት ዓመት ከመጠበቅ ይልቅ መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደላላ በቁጥር መለካት። በዚህ ዘዴ ገና የ16 ሳምንት ቡችላ ይመረመራል።

ለውጡ ግን ዘገምተኛ ነው። በሽታው በአንድ ዘረ መል ሳይሆን በብዙ ዘረ መሎች የሚወሰን በመሆኑ ዳሌያቸው ጤነኛ የሆነ ወላጆችም የታመመ ቡችላ ሊወልዱ ይችላሉ። ሌላው ምክንያት የሰው ምርጫ ነው። ለሩጫ የተመረጠው ግሬይሃውንድ ዲስፕላዥያ እጅግ ብርቁ ነው፤ ለመልኩ የተመረጠው ቡልዶግ ደግሞ በዝርዝሩ አናት ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። የለያቸው እኛ የፈለግንባቸው ነገር ነው።

የ48ቱ ውሾች ሳህን

ከዘር ቀጥሎ ያለው ታሪክ የሳህን ታሪክ ነው። በ1987 አንድ የአሜሪካ የውሻ ምግብ ኩባንያ 48 የላብራዶር ቡችሎችን ይዞ ጥናት ጀመረ። ከአንድ እናት የተወለዱትን ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሯቸው። አንደኛው እንደልቡ ሲበላ፣ ሁለተኛው ጥንዱ ከበላው 25 በመቶ ተቀንሶ ይሰጠዋል። ምግቡ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ። የመጠኑ ልዩነት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ቀጠለ።

ውጤቱ በ2002 ታተመ። በልኩ የበሉት መካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት፣ የሌሎቹ 11.2 ዓመት ሆነ። በ2006 የታተመው ክፍል ደግሞ ለእኛ ርዕስ ይበልጥ ይቀርባል። የዳሌ ቁርጥማት በራጅ የታየበት መካከለኛ ዕድሜ ብዙ በበሉት በ6 ዓመት ሲሆን፣ በልኩ በበሉት በ12 ዓመት ነው። ያው ዘር፣ ያው ምግብ፣ ስድስት ዓመት ልዩነት።

ነገሩ ክብደት ብቻ አይደለም። እርግጥ ነው ከባድ ሰውነት መገጣጠሚያውን ይጫነዋል። ከዚህም በላይ ግን ስብ ራሱ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ አይደለም፤ ሰውነትን የሚያስቆጡ ኬሚካሎች ያመነጫል። አንዱን የኑሮ መድኃኒት በነፃ የሰጠን ይህ ጥናት ነው ማለት ይቻላል፤ የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ ውሻ ከወፍራም ውሻ የተሻለ ዕድል አለው። እኛ ደግሞ ፍቅራችንን የምንገልጸው በፍርፋሪ ነው።

ከግማሽ እንክብል እስከ መርፌ

የሕመም ማስታገሻው ታሪክ ከሁሉም የዘገየው ነው። አስፕሪን ለሰው ገበያ የወጣው በ1899 ነው፤ ስቴፋኒትዝ ማኅበሩን በመሠረተበት ዓመት። ውሻ ግን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ በቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ እንኳ ማስታገሻ ሁልጊዜ አያገኝም ነበር። በ1993 የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካን የማስተማሪያ ሆስፒታል መዝገቦች ፈትሾ፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ውሾችና ድመቶች የሕመም ማስታገሻ ያገኙት ከግማሽ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። «ሕመም ካለው አይንቀሳቀስም፤ ለቁስሉ ጥሩ ነው» የሚሉ ነበሩ። የዴካርት ሰዓት ገና እየቆጠረ ነበር ማለት ነው።

በ1996 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ካርፕሮፌንን ለውሻ ቁርጥማት ፈቀደ። መድኃኒቱ በአንድ ወቅት ለሰው የተሠራ ነበር። ደረጃ መውጣት ያቆሙ ውሾች እንደገና ሲወጡ ያዩ ባለቤቶች «አርጅቷል» ያሉት ነገር ሕመም እንደነበረ የገባቸው ያኔ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን በአንዳንድ ውሾች ጉበት ላይ ጉዳት ማድረሱ ተዘገበ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ደም መመርመር የተለመደ ምክር ሆነ።

የቅርብ ጊዜው ምዕራፍ የሚጀምረው ደግሞ ከአንዲት ጣሊያናዊት መኝታ ክፍል ነው። ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ አይሁዳዊት ነበረች። እኛም በደንብ የምናውቀው ሙሶሊኒ በ1938 ባወጣው የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ሥራዋ ስትባረር፣ በመኝታ ክፍልዋ ትንሽ ላቦራቶሪ ሠርታ የጫጩት ፅንስ ነርቮችን ማጥናት ቀጠለች። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄዳ ከስታንሊ ኮኸን ጋር ነርቭ የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር ለየች፤ በ1986 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ይኸው ንጥረ ነገር በታመመ መገጣጠሚያ ውስጥ ሕመምን እንደሚያባብስ በኋላ ታወቀ። ይህንን የሚያግደው በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ፣ ቤዲንቬትማብ፣ በ2020 በአውሮፓ፣ በ2023 በአሜሪካ ለውሻ ተፈቀደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ በድል ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በተመሳሳይ መንገድ ለሰው የተሠራው መድኃኒት ግን በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ መገጣጠሚያውን ፈጥኖ በማበላሸቱ በ2021 ቀርቷል። የውሻውም መርፌ ብዙዎችን ቢረዳም፣ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2024 መጨረሻ መንገዳገድና መንቀጥቀጥን ጨምሮ ስለደረሱት ሪፖርቶች ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ጽፏል። ቀዶ ሕክምናውም እንዲሁ ተራምዷል። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1962 ለሰው የሠራው ሰው ሠራሽ ዳሌ በ1970ዎቹ ለውሻም ደርሷል፤ ዋጋው ግን ለብዙዎች የሚቀመስ አይደለም።

ወደ ቡቺ ስንመለስ

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ቡቺ አንድ ሰሞን ከተኛበት መነሳት ሲያቅተው ከሰፈር ፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዛሁ። ለአባቴ ጉልበት የሚሠራ መድኃኒት ለውሻ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ግማሽ እንክብል በሥጋ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ተሻለው፤ ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን የቡና አተላ የመሰለ ነገር አስታወከ። ያከመው የእንስሳት ሐኪም በቁጣ ሳይሆን በድካም ነው ያናገረኝ። «ሰው የሚችለውን የውሻ ጨጓራ አይችለውም» አለኝ። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። መጠኑን በግማሽ እንክብል መገመትም መድኃኒት መስጠት አይደለም።

ቡቺ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ያደረግንለት ነገር ሁሉ የድሃ ቤት ሕክምና ነበር። ፍርፋሪው ቀረ፤ ከሳ። በሚያንሸራትተው ሴራሚክ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ተነጠፈለት። ዘበኛችን ከተረፈ ጣውላ ለሦስቱ ደረጃዎች መወጣጫ ሠራለት። ቀን ሙሉ በሰንሰለት ማሰሩን ትተን ጠዋትና ማታ አጭር መንገድ እናንሸራሽረው ጀመር፤ ታስሮ የሚውል ጡንቻ ይሟሽሻልና መገጣጠሚያውን የሚደግፈው ያጣል። ሐኪሙ ያዘዘለት ለውሻ የተሠራ መድኃኒት ሲገኝ በልኩ ይሰጠዋል። አንድ ዓመት ተኩል ኖረ። አልዳነም፤ ቁርጥማት አይድንም። ግን በረንዳው ላይ እየወጣ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

እናንተም ግቢ ውስጥ አንድ ቡቺ አይጠፋችሁም። ሲነሳ የሚያመነታ፣ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን የሚጋደም፣ አንድ መገጣጠሚያውን ደጋግሞ የሚልስ፣ ሲነኩት ያለ ልማዱ የሚያጉረመርም፣ አንዱ ጭኑ ከሌላው የሳሳ ውሻ ካያችሁ «አርጅቷል» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሐኪም ይየው። ቡችላ ስትገዙም የእናትና የአባቱን ዳሌ ራጅ ጠይቁ። ሻጩ ይስቅባችሁ ይሆናል፤ ይሳቅ። ስዊድንና እንግሊዝም መጀመሪያ ላይ ጠያቂው ጥቂት ነበር።

በአማርኛችን ደም መላሽ ያላገኘ ሰው ሲሞት «የውሻ ደም ሆኖ ቀረ» እንላለን፤ ጠያቂ የለውም ለማለት። የካርቴጁ ውሻ ግን ጠያቂ ነበረው። ከ1,700 ዓመት በላይ በፊት፣ ያለ ራጅና ያለ መርፌ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አይቶታል፤ ሲሞትም ሳህኑን ከጎኑ አኑሮለታል። እኛ ዛሬ ከዚያ ሰው የበለጠ ብዙ እናውቃለን። የቀረን ጎንበስ ማለቱ ነው።